ደካማውን ድምፅ ለመስማት፦ በኮምፒዩተር የሚሠራ ራዲዮ አስተካካይነት



ባለፈው የዝናብ ወራት በአንድ ምሽት በቢሮአችን ተሰብስበን ልምምድ እናደርግ ነበር። የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያለው አንድ ወዳጃችን ከእኛ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመኪና ባትሪ በሚሠራ አነስተኛ ራዲዮ የእርዳታ ዝርዝር ያነብልናል፤ እኛ ደግሞ ከኮምፒዩተር ጋር በተያያዘች ትንሽ መቀበያ እያዳመጥን እንጽፋለን። ዓላማችን መብራትና ስልክ በሚቋረጥበት ጊዜ መልእክት ከገጠር ወደ ከተማ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ነበር። ድምፁ ደካማ ስለ ሆነብን የመቀበያውን ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። ከጫጫታው መካከል የሰማነውንም «ሠላሳ አባወራ» ብለን ጻፍን። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ወዳጃችን ወረቀቱን ሲያሳየን ግን በላዩ የተጻፈው «ስልሳ» ነበር።

ልምምድ በመሆኑ ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን እውነተኛ ችግር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ አባወራ ያለ እህልና ያለ ብርድ ልብስ በቀሩ ነበር። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ስንመረምር ከወዳጃችን አልነበረም፤ ከርቀቱም ብቻ አልነበረም። ድምፁን ለመስማት ብለን ያደረግነው ነገር ራሱ ድምፁን አበላሽቶብን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁትን ጠይቀን፥ እኛም በተደጋጋሚ ሞክረን የተማርነውን ዛሬ ለእናንተ ልናካፍል ወደድን።

አማተር ራዲዮና የችግር ጊዜ

አማተር ራዲዮ ማለት ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለመማር፥ እርስ በርስ ለመገናኘትና ሌላውን ለመርዳት ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩበት የራዲዮ ግንኙነት ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ100 ዋት ወይም ከዚያ ባነሰ ኀይል ነው። የስልክ ምሰሶ ሲወድቅና መብራት ሲጠፋ ግን አንድ ባትሪና በሁለት ዛፎች መካከል የተዘረጋ ሽቦ ያለው ሰው ከሩቅ አገር ጋር መነጋገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ኔፓልን 7.8 በሆነ መጠን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት የአማተር ራዲዮ ሰዎች መልእክት በማስተላለፍ ረድተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በደበደበ ጊዜም የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአማተር ራዲዮ በጎ ፈቃደኞች እንዲላኩለት ጠይቋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር አለ፤ የክበቡ ጣቢያ መጠሪያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመጣው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ላኪው ባትሪው እያለቀበት፥ አንቴናውም ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ሊሆን ይችላል። ከላኪው ዘንድ የጎደለውን ለመሙላት የሚችለው አድማጩ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

በቀድሞው ራዲዮ ጣቢያውን የሚመርጡት በውስጡ ያሉት ሽቦዎችና ክሪስታሎች ነበሩ። በሶፍትዌር የሚሠራው ራዲዮ ግን ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ ወዲያው ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ የቀረውን ሥራ ሁሉ የሚሠራው በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለቴሌቪዥን መቀበያ ተብላ የተሠራች፥ አር ቲ ኤል 2832 ዩ የሚባል ቺፕ ያለባት ርካሽ መሣሪያ ለዚህ ሥራ እንደምትውል ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሰው ሊጠቀምበት ቻለ። እንደ ፍላሽ ዲስክ በዩ ኤስ ቢ የምትሰካ ናት። ኤስ ዲ አር ሻርፕ፥ ኤስ ዲ አር ፕላስ ፕላስና ጂ ኪው አር ኤክስ ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱን መርጦ መጠቀም ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ማስተዋል ያስፈልጋል። ይህች መሣሪያ ሞገዱን ወደ ቁጥር የምትለውጠው በ8 ቢት፥ ማለትም በ256 ደረጃ ብቻ ነው። ደካማውም ብርቱውም ጣቢያ በአንድነት በእነዚህ 256 ደረጃዎች ውስጥ መግባት አለባቸው። በአንድ ሚዛን ላይ አንድ ኩንታል ጤፍና አንድ ጭብጥ ጨው አብረው ቢጫኑ፥ ሚዛኑም ከአቅሙ አልፎ ጥግ ቢይዝ፥ የጨውን ክብደት ማን ሊያውቅ ይችላል? ማጉያውን እስከ መጨረሻው ስናደርገው የሆነው ይህ ነው። ወዳጃችን የሚናገረው ከ7.2 ሜጋኸርዝ በታች ባለው በአማተሮች ድርሻ ነበር፤ ከ7.2 እስከ 7.45 ሜጋኸርዝ ያለው ግን የታላላቅ ብሮድካስት ጣቢያዎች ስፍራ ነው፤ እነርሱም ሲመሽ ከሩቅ አገር እጅግ በርትተው ይሰማሉ። እኛ የወዳጃችንን ድምፅ ከፍ ያደረግን መስሎን የእነርሱን ከፍ አደረግን፤ የመሣሪያዋም ሚዛን ሞላ።

እንግዲህ የማስተካከያው ሥራ ቅደም ተከተል አለው፤ ከአንቴናው ጀምሮ ወደ ጆሮ መምጣት አለበት።

1ኛ፥ ጫጫታውን ከምንጩ መቀነስ

በሾርት ዌቭ ደካማውን ድምፅ የሚሸፍነው ጫጫታ አብዛኛው የሚመጣው ከውጭ እንጂ ከመቀበያው ከራሱ አይደለም። የስልክ ቻርጀር፥ የኤል ኢ ዲ አምፖል፥ የፀሐይ ኀይል መቆጣጠሪያና ኢንቨርተር፥ ኮምፒዩተሩም ራሱ ጫጫታ ይረጫሉ። እኛ ኮምፒዩተሩን በባትሪው ብቻ አሠርተን በቤቱ ያሉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ነቀልን። አንድ የስልክ ቻርጀር ሲነቀል በማያው ላይ የሚታየው ጫጫታ ወዲያው ወረደ።

አንቴናውን ከቤትና ከመብራት መስመር ማራቅ፥ መቀበያዋንም በዩ ኤስ ቢ ማራዘሚያ ከኮምፒዩተሩ ለይቶ ማስቀመጥ፥ በገመዱም ላይ ፌራይት የሚባለውን ጥቁር ቀለበት ማድረግ ይረዳል። ለ7.1 ሜጋኸርዝ የሚሆን ቀላል አንቴና ከመካከሉ የተከፈለ፥ እያንዳንዱ ክንፉ 10 ሜትር የሆነ በጠቅላላው 20 ሜትር ያህል ሽቦ ነው። መብረቅ ባለበት ጊዜ ግን አንቴናውን ነቅሎ ከቤት ውጭ ማድረግ እንጂ ማዳመጥ አይገባም።

2ኛ፥ የማጉያውን መጠን መወሰን

በፕሮግራሙ ላይ «ጌይን» የተባለው ይህ ነው። በዚህች መሣሪያ ከ0 እስከ 49.6 ዴሲቤል ይደርሳል። ዴሲቤል የኀይል ማነጻጸሪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል እጥፍ ያህል፥ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ፥ 30 ዴሲቤል ደግሞ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ማጉያውን በራሱ የሚወስነውን ክፍል ማጥፋት ይገባል፤ እርሱ የሚያየው ብርቱዎቹን ጣቢያዎች እንጂ የእኛን ደካማ ድምፅ አይደለምና። ከዚያም ማጉያውን ከዝቅተኛው ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ እያሳደጉ ማያውን መመልከት ነው። መጀመሪያ ላይ ደካማው ምልክት ከጫጫታው በላይ እየጎላ ይሄዳል። ከጥቂት ደረጃ በኋላ ምልክቱና ጫጫታው እኩል መውጣት ይጀምራሉ። ከዚህ በኋላ ማሳደጉ ምንም ትርፍ የለውም፤ እዚያው ማቆም፥ ምናልባትም አንድ ደረጃ መመለስ መልካም ነው። በአንድ ደረጃ ጭማሪ ጫጫታው በድንገት ከዘለለ ወይም ቀድሞ ያልነበሩ ጣቢያዎች በማያው ላይ ብቅ ካሉ ግን መቀበያው ሞልቶ መፍሰሱን ያመለክታልና ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ማረጋገጫውም ቀላል ነው። አንቴናውን ንቀሉት፤ ጫጫታው ምን ያህል እንደ ወረደ ተመልከቱ፤ መልሳችሁ ስኩት። አንቴናው ሲሰካ ጫጫታው 6 ወይም 10 ዴሲቤል ያህል ከወጣ መቀበያው በቂ ማጉያ አለው፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር የሚጎላው የውጭው ጫጫታ ብቻ ነው።

ስለ መሣሪያው ዓይነትም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሞዴል ሾርት ዌቭን የሚቀበለው ማጉያ ያለበትን ክፍል ዘልሎ በቀጥታ ነው። በዚህ ጊዜ የጌይን መቆጣጠሪያው ቢንቀሳቀስም ምንም አይለውጥም። ከዚህም ሌላ መሣሪያው በ28.8 ሜጋኸርዝ ስለሚቆጥር የአንዱ ጣቢያ ጥላ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ለምሳሌ ያህል በ21.650 ሜጋኸርዝ ያለ የብሮድካስት ጣቢያ በ7.150 ላይ እንዳለ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ በአንቴናውና በመቀበያው መካከል የሚፈለገውን ሞገድ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ማድረግ ነው። ሌላው ሞዴል ደግሞ ሾርት ዌቩን ወደ ላይ አንሥቶ ስለሚቀበል ማጉያው ይሠራል፤ የእኛዋ እንዲህ ያለችው ናት።

3ኛ፥ የሚሰማውን ስፋት ማጥበብ

ጫጫታ በሞገዱ ስፋት ሁሉ ላይ ተበትኖ ይገኛል። መስኮቱን በሰፊው ከከፈትን ብዙ ጫጫታ ይገባል፤ ካጠበብነው ግን የምንፈልገው ድምፅ እንዳለ ሆኖ ጫጫታው ይቀንሳል። ስፋቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ጫጫታው በ3 ዴሲቤል ይወርዳል። ከ10,000 ኸርዝ ወደ 2,500 ብናወርደው 6 ዴሲቤል አተረፍን ማለት ነው፤ ይህም ላኪው ኀይሉን አራት እጥፍ እንዳሳደገ ይቈጠራል።

አማተሮች ንግግር የሚያስተላልፉበት ኤስ ኤስ ቢ የሚባለው ዘዴ 2,400 ኸርዝ ያህል ይበቃዋል፤ እጅግ ሲደክም ወደ 2,000 ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች ግን እንደ «ሰ» እና «ሸ» ያሉት ፊደላት መለየት ያቅታቸዋል። ለሞርስ ኮድ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ ይበቃል። እንደ ልማዱ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ለሚሰማ ንግግር ኤል ኤስ ቢ፥ ከዚያ በላይ ለሆነው ዩ ኤስ ቢ የተባለውን መምረጥ ይገባል፤ ከተቀያየረ አንድ ቃል እንኳ አይገባም።

4ኛ፥ ማያውን ማስተካከል

ፕሮግራሙ የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ ከላይ ወደ ታች በሚፈስ ሥዕል ያሳያል፤ በዚህም ምክንያት «ፏፏቴ» ይሉታል። ኤፍ ኤፍ ቲ የሚባለው ቁጥር ትንሽ ከሆነ ሥዕሉ ሻካራ ይሆናል፤ ደካማው መስመርም በጫጫታው ውስጥ ይሰወራል። በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ቁጥር በሚቀበል መሣሪያ ላይ 1,024 ቢመረጥ እያንዳንዱ ነጥብ 2,300 ኸርዝ ያህል ይሸፍናል፤ 65,536 ቢመረጥ ግን 37 ኸርዝ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቀድሞ ያልታየው ቀጭን መስመር ብቅ ይላል። የቀለሙንም መጠን ጫጫታው ጥቁር ሰማያዊ፥ ምልክቱ ግን ደመቅ ብሎ እንዲታይ አድርጉት። ይህ ሁሉ ዓይንን የሚረዳ ነው እንጂ ለጆሮ የሚደርሰውን ድምፅ አይለውጥም፤ የት ማዳመጥ እንዳለብን ያሳየናል።

5ኛ፥ ፍሪኩዌንሲውን ማረም

ርካሽ መሣሪያ ሰዓቱ ይዛነፋል። ስሕተቱ በፒፒኤም፥ ማለትም ከሚሊዮን አንድ በሚል ይለካል። በ14 ሜጋኸርዝ ላይ 50 ፒፒኤም የ700 ኸርዝ ስሕተት ያመጣል፤ በኤስ ኤስ ቢ ንግግር ላይ ይህን ያህል መዛነፍ የሰውን ድምፅ እንደ ዳክዬ ያደርገዋል። መሣሪያዋን 20 ደቂቃ ያህል አሙቆ ፍሪኩዌንሲው በሚታወቅ የብሮድካስት ጣቢያ ላይ የመካከለኛውን መስመር አይቶ ማረም ነው። የሾርት ዌቭ ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ በየ5 ኪሎኸርዙ ላይ ስለሚቆሙ ስሕተቱ በቀላሉ ይታያል። የዛሬዎቹ የተሻሉ ሞዴሎች ስሕተታቸው ወደ 1 ፒፒኤም የቀረበ ነው።

6ኛ፥ በመጨረሻ ድምፁን ማሰማመር

አሁን ጊዜው የጆሮ ነው። ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል በዝግታ እንዲሠራ አድርጉት፤ ፈጣን ከሆነ በቃላት መካከል ጫጫታውን እያነሣ ጆሮን ያደክማል። ስኩዌልች የሚባለውን ግን አጥፉት፤ እርሱ ደካማውን ድምፅ ከጫጫታው ጋር አብሮ ይዘጋል። ጫጫታ ቀናሹም በመጠኑ ብቻ ይሁን፤ ሲበዛ የቃሉን ጠርዝ ይበላል። ከማጉያም ይልቅ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቅማል።

ከሞገዱ በላይ የሚሠራው

ንግግር ጨርሶ በማይሰማበት ጊዜ በኮምፒዩተር የሚነበብ ጽሑፍ መላክ ይቻላል። ኤፍ ቲ 8 የሚባለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንኬ ናቸው። ጆ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ይህ ዘዴ መልእክቱን በ15 ሴኮንድ ዙር እያስተላለፈ በ2,500 ኸርዝ ስፋት ካለው ጫጫታ አንድ መቶኛ የሆነውን ምልክት እንኳ ያነብባል። ለዚህ ግን የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከአንድ ሴኮንድ በላይ መሳት የለበትም። የሚልከውም አጭር ነው፤ በአንድ ዙር ከ13 ፊደል የሚበልጥ ነፃ ጽሑፍ አይይዝም። ረጅም ዝርዝር ለመላክ አይመችም፤ መስመሩ ክፍት መሆኑን ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

ከልምምዱ በኋላ

በመጀመሪያው ምሽት ፕሮግራሙ የመጣውን ሞገድ ሁሉ በፋይል ቀድቶልን ነበር። በኋላ ያንኑ ፋይል ከፍተን ስፋቱን አጠበብን፥ ድምፁን አሰማመርን፥ ያለንን ሁሉ ሞከርን። «ሠላሳ» ይሁን «ስልሳ» ለመለየት አልቻልንም። ሞገዱ ወደ ቁጥር ሲለወጥ በሚዛኑ ጥግ የጠፋውን ነገር በኋላ የሚመልሰው ማስተካከያ የለም። ስፋት፥ ማያና የድምፅ ልክ በኋላ ሊታረሙ ይችላሉ፤ አንቴናና ማጉያ ግን አስቀድመው ካልተስተካከሉ ዕድሉ አለፈ።

ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው ራዲዮ፥ በዚያው ርቀት እንደ ገና ሞከርን። ማጉያውን ከ49.6 ወደ 19.7 ዴሲቤል አወረድነው፤ ቻርጀሮቹን ነቀልን፤ ስፋቱን 2,100 ኸርዝ አደረግን። ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ዝቅ ብሎ ቢሰማም ቃላቱ ተለይተው ወጡ። ወዳጃችንም ቁጥሩን በሁለት መንገድ እንዲያነብልን ተስማምተን ነበር፦ መጀመሪያ በቃል፥ ቀጥሎ በነጠላ ቁጥር። «አርባ ሁለት፤ አራት፥ ሁለት» አለን፤ እኛም መልሰን አነበብንለት፤ እርሱም «ትክክል ነው» አለ። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢስተካከል መልሶ ማንበብን የሚተካ ነገር የለም።

ለመሣሪያ ላኪዎች አንድ ማሳሰቢያ

ከአገር ውስጥም ሆነ ከውጭ አገር ይህን የመሰለ መሣሪያ ለመርዳት የምታስቡ ወዳጆቻችን፥ ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ጠይቁን። በኢትዮጵያ በአማተር ራዲዮ መልእክት ለማስተላለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የራዲዮ መሣሪያ ስለ ማስገባትም አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። ሌላው ደግሞ፥ ከውድ መቀበያ ይልቅ መልካም የአንቴና ሽቦ፥ ማጣሪያና ጥቂት የፌራይት ቀለበቶች ብዙውን ጊዜ የበለጠ ይጠቅማሉ።

ከላይ የዘረዘርናቸውን ስድስት ነገሮች በትልቁ ጽፈን ከመቀበያዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። ከእነርሱም በላይ በቀይ ቀለም ሁለት ቃላት ብቻ ጽፈናል፦ ሠላሳ፥ ስልሳ።